መጋዞቹ ዝም ያሉበት ቅዳሜ

ጎረቤቶቼ በዚህ መስከረም «ኤቴልካ ድምፅ ጠላች» ብለው አሙኝ። የእንጨት ቆራጮቹ ፎርማን ሲላርድ ከሩቅ ሲያየኝ መኪናውን ወደ ኋላ ያዞራል አሉ። ቄሱም ደወል ከማስደወሉ በፊት ወደ መስኮቴ አየት ያደርጋል አሉ። ይበሉ። እኔ ድምፅ አልጠላሁም። አንድ ድምፅ ናፍቆኝ ነው፤ እሱን እንዳልሰማ ግን ሌሎቹ ሁሉ መንገዱ ላይ ተገተሩብኝ።

የናፈቀኝ የአንድ አጋዘን ድምፅ ነው። መቼም በኔ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ስትል ሰው ይስቃል። ባሌ አምብሩሽ ግን ዕድሜውን በሙሉ የዚህ ደን ጠባቂ ሆኖ፣ ከሩቅ የሚመጡ አዳኞችን እየመራ የኖረ ሰው ነው። መስከረም ላይ፣ የስሪያቸው ወራት ሲገባ፣ አውራ አጋዘኖች እንስቶቻቸውን ሰብስበው ያገሳሉ። እሱም በበሬ ቀንድ ጥሩምባ እንደነሱ እያገሳ ይጠራቸዋል። አውራው ሌላ ወንድ የመጣበት መስሎት በቁጣ ይመልሳል፤ ብሶበት ከሆነም ሊዋጋ ይወጣል። እዚህ መንደራችን ሃርሻሽ ጥሩምባ የማይነፋ ወንድ የለም። በየዓመቱ ውድድር አለ፤ ግማሾቹ ያለ ጥሩምባ፣ በአረቄ ብቻ ያገሳሉ። አምብሩሽን የሚያክል ግን አልነበረም። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም። ሚስቱ ስለሆንኩማ የማውቀው ጉዱን ነው።

ከአጋዘኖቹ ሁሉ አንዱ የሱ ነበር። ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ጎርናናው እንለዋለን። በጉርምስናው ሲዋጋ ጉሮሮው ላይ ተወግቷል መሰለኝ፣ ሲያገሳ መሃል ላይ ቁርጥ ይልና አንድ ሳል የመሰለ ነገር ጣል አድርጎ ይቀጥላል። አምብሩሽ ያቺን ሳል ሳትቀር ተማራት። ከቤታችን በላይ ባለው ሜዳ ዳር የተጋደመ ግንድ አለ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያ ሄደን እንቀመጣለን። እሱ ይነፋል፣ ጎርናናው ከጫካው ይመልሳል፣ እኔ ሹራቤን እሠራለሁ። ለጎርናናው ጠመንጃ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። «ከሱ ጋር ጨዋታ ይዘናል» ይል ነበር። የትዳራችን ደህናው ክፍል እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ እንውላለን፤ ግንዱ ላይ ግን ማውራት ክልክል ስለነበር ተዋደን እንቀመጥ ነበር።

አምብሩሽ ከሞተ ይህ ሦስተኛው መስከረም ነው። በመጀመሪያው ወደ ግንዱ ልሂድ ብዬ ከበሩ አላለፍኩም። በሁለተኛው ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ተኝቼ ነበር። ዘንድሮ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የሰማሁት የሞተር መጋዝ ነው። ከበጋው ጀምሮ በሜዳው ማዶ ያለውን ጥድ እየቆረጡ ነበርና፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ያ ድምፅ ከራስ ቅሌ አልወጣ አለ።

አጋዘን መጋዝ ይፈራል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እንስቶቹ መጋዙ ከሚጮህበት ብዙም ሳይርቁ ሣራቸውን ይግጣሉ፤ ጆሯቸውን እንኳን አያዞሩም። አንድ ቦታ ቆሞ የሚጮህ ነገር አያስጨንቃቸውም። የሚያስበረግጋቸው የሰው ድምፅ ነው፣ ሹክሹክታም ብትሆን። አምብሩሽ አንዴ ኮቱ የሚንኮሻኮሽበትን እንግዳ ኮቱን አስወልቆ፣ በካናቴራ ብቻ ማማ ላይ ሲያንቀጠቅጠው አምሽቷል። አውራው ግን መጋዝ ባለበት አያገሳም። የሚያገሳው ሊሰማ ነዋ! ተቀናቃኙ ካልሰማው፣ እንስቶቹ ካልሰሙት፣ ጉሮሮውን ምን አደከመው? ቀኑን በጥሻ ውስጥ ዝም ብሎ ይውልና፣ ሰዎቹ ሲተኙ ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ ያገሳል። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ በጨለማ ወንዝ አልሻገርም። እሁድ መጋዙ ያርፋል፤ የዘንድሮዎቹ እሁዶች ግን ዝናብ ሆኑብኝ፣ በዝናብ ደግሞ አያገሳም።

ለመሆኑ በሕይወት አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩት ዦምቦርን ነው። ዦምቦር የአምብሩሽ የእህት ልጅ ነው፤ የደን ጠባቂነቱንም እንግዳ መምራቱንም እሱ ነው የተረከበው። ሱቅ በር ላይ ሲጋራ ሲያጨስ አገኘሁት።

«ጎርናናው አለ?»

«አለ አክስቴ። ነሐሴ ላይ በመነጽር አይቼዋለሁ። ግን አርጅቷል። ጀርባው ጎብጧል፣ ቀንዱም በየዓመቱ እያነሰ ነው። የዘንድሮን በረዶ የሚያልፈው አይመስለኝም።»

«እና?»

«እናማ፣ በረዶ ውስጥ በረሃብ ከሚሞት በጥይት ቢሞት አይሻለውም? የሚታደኑት ውስጥ ገብቷል። ችግሩ መጋዙ ነው፤ ድምፁን ካላሰማ የት አገኘዋለሁ?»

«አንተም የሚታደኑት ውስጥ መግባት ነበረብህ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ጢምህን ተላጭ፣ የእናትህን ልጅ አትመስልም።»

እየሳቀ ሄደ። ክፉ ልጅ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የዘንድሮ መስከረም ካለፈኝ ሌላ መስከረም የለም ማለት ነው። አምብሩሽ ሲሞት ድምፁን የምቀዳበት ነገር አላሰብኩም፤ ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ፣ ፎቶ ግን አያወራም። እሱን የሚያስታውስ አንድ ድምፅ ዓለም ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ የሚኖረው በዚያ ሽማግሌ አጋዘን ጉሮሮ ውስጥ ነው። አንዴ ብቻ ልስማው አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።

ስለዚህ በፕሪም የሚሞላውን የድንች ድብልብል ሠራሁ፣ ስኳርና ቀረፋ ነሰነስኩበት፣ በፎጣ ጠቅልዬ ቆራጮቹ ወደሚያርፉበት ጎጆ ይዤ ሄድኩ። ሲላርድ የተወለደው በምሥራቁ ተራሮች ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያየው በበዓል ብቻ ነው።

«እትዬ ኤቴልካ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ሊሰድቡኝ ነው?» አለ ገና ሲያየኝ።

«አፍህ ሲሞላ እሰድብሃለሁ። ቅመስ።»

ቀመሰ። አንዱን ውጦ ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ራቅ ብሎ ሄደ፣ ወደ ቤቱ የሄደ መሰለኝ። ያኔ ነው የጠየቅኩት።

«አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስጠኝ። መጋዞቹን አስቁምልኝ።»

«ለዚያ አጋዘን ነው አሉ።»

«ለራሴ ነው። አጋዘኑማ እኔን ከነመፈጠሬም አያውቀኝ።»

አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ትንሽ አሰበ። «ሠራተኞቼም ቢያርፉ ደስ ይላቸዋል፤ ከእሁድ በቀር ያለ እረፍት ነው የከረሙት። እሺ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አቆማለሁ። እንደ ደንቡ ለአደን ቢሮ ማሳወቅ አለብኝ፣ ከዚያ በኋላ ኮሽታ አይሰሙም።»

«አሳውቅ፣ አሳውቅ» አልኩና ሳህኔን እንኳን ሳልቀበል ሄድኩ። ጉልበቴ ያን ቀን አላመመኝም።

ቅዳሜ መጋዞቹ አንድ በአንድ ቆሙ። የመጨረሻው ሲቆም የተሰማኝ ጥርስ ሕመም ሲተው የሚሰማው ነገር ነው፤ ሕመሙ ሲሄድ እንጂ ምን ያህል እንዳሠቃየ አይታወቅም። ግንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ርግቦች፣ ከዚያ ቅርፊት የሚቆረቁር ወፍ። ከዚያ ምንም። የሜዳው ሣር ቢጫ ሆኗል፣ ፀሐይዋም ወደ ጥዱ ጫፍ እየወረደች ነው። አምብሩሽ በሚቀመጥበት በኩል ዱላዬን አስቀመጥኩ፤ ባዶውን እንዳላይ።

ድምፁ ሳይመጣ ሽታው መጣ። በስሪያ ወራት አውራው እንደ ፍየል ወጠጤ ይሸታል፤ ለሌላ ሰው ያስጠላ ይሆናል፣ ለኔ የአምብሩሽ ጃኬት ሽታ ነው። ከዚያ ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ከዚያ አገሳ።

ረጅም፣ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ። መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ሳሉን ጣል አደረጋት። ቀጠለ።

እንባዬ ሹራቤ ላይ ሲወርድ ለመጥረግ እጄን አላነሳሁም፤ እጄ ከተንቀሳቀሰ ያየኛል ብዬ ፈራሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የሆነው ሁሉ ያልሆነ መሰለኝ። ዳግመኛ አገሳ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። እኔም በሆዴ «ኧረ ሽማግሌ፣ አለህልኝ?» አልኩት።

ያኔ ከግራዬ፣ ከሜዳው ጥግ፣ ሌላ ድምፅ መለሰለት። ያው ርዝመት፣ ያው መቆረጥ፣ ያቺው ሳል።

አምብሩሽ ነው። እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። የሞተ ሰው ጥሩምባ እንደማይነፋ አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቴ አላወቀም፣ ከወገቤ በላይ ወደዚያ ድምፅ ዞረ። ጎርናናው በቁጣ መለሰ። ጥሩምባው መለሰ። እየተቀባበሉ ሄዱ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው፣ ልክ እንደ ድሮው። ለዚህ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት፣ ለዚህ ነበር ድብልብሉ። ከጠየቅኩት በላይ ተሰጠኝ። እያወቅኩ ትንሽ ጊዜ ላለማወቅ ታገልኩ።

ግን ይታወቃል። አምብሩሽ ያቺን ሳል ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለዦምቦር። ዦምቦር ደግሞ ለጨዋታ ብሎ ጥሩምባ አይነፋም። ከሜዳው ማዶ ወዳለው የእንጨት ማማ አየሁ። አረንጓዴ ባርኔጣ አለ፤ ከባርኔጣው ፊት፣ መደገፊያው ላይ፣ ቀጭን ጥቁር ነገር ተጋድሟል።

እንስቶቹ ቀድመው ወጡ። ከኋላቸው ጎርናናው ወጣ። እውነትም አርጅቷል። አንገቱ ላይ ያለው ጠጉር በጭቃ ተለውሷል፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ሲራመድ ግን አሁንም የሜዳው ባለቤት ነው። ሜዳው መሃል ቆሞ ጥሩምባው ወዳለበት ዞረ። ማማው ላይ ባርኔጣው ዝቅ አለ። መጮህ እንዳለብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከጮህኩ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደሚያልቅ አብሬ አወቅኩ። የሰው ድምፅ የሰማ አውራ ለሳምንታት ወደዚያ ሜዳ አይመለስም፣ የሱ ሳምንታት ደግሞ ጥቂት ናቸው። አንዴ ላስጨርሰው ብዬ ጠበቅኩ፤ አንዴ ብቻ። አንገቱን ዘረጋ፣ ትንፋሹ በቅዝቃዜው ጨሰ፣ አገሳ። መሃል ላይ ሲቆርጥ፣ ሳሉን ሳያስጨርሰው አፌ ተከፈተ።

«አምብሩሽ! ና ምሳህን ብላ!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ከዚያ ሜዳ ዳር ሆኜ ሠላሳ ዓመት ስጠራው የኖርኩት እንዲያ ብዬ ነው፤ አፌ ሌላ ጩኸት አልለመደም።

ጎርናናው ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ፤ እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሜዳው ባዶ ሆነ። ጥሻው ሲሰባበር፣ ከዚያ ሩቅ፣ ከዚያ ወንዙ ውስጥ ውሃ ሲረጭ ተሰማኝ። ጥይት አልተተኮሰም።

ዦምቦር ጥሩምባውን በእጁ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አክስቴ፣ አብደሻል? ሰው ጠመንጃ ደግኖ ሳለ ትጮሂያለሽ?»

«እዚህ ማን ግባ አለህ?»

«ማን አለኝ? ሲላርድ ደውሎ መጋዝ ቆሟል፣ ክልሉ ተከፍቷል አለኝ። ማን አስቆመው ስለው፣ አክስትህ አለኝ!» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መጋዝ ባለበት ክልል ጠመንጃ አይገባም፤ ቆራጭ ብመታስ? መጋዙ ሲቆም ይደወልልናል፣ እንገባለን። አጎቴ ስልክ ላይ ሲያወራው ስትሰሚ አይደለም እንዴ የኖርሽው?»

ክው አልኩ። እውነቱን ነው። ያንን ስልክ ወጥ እያማሰልኩ ስንት መስከረም ሰምቼዋለሁ። በጋውን ሙሉ የረገምኩት መጋዝ ነው ለካ ያንን አጋዘን በሕይወት ያቆየው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ እኔ ደግሞ ልጥለው አንድ ጣት ነበር የቀረኝ።

«ተወው ዦምቦር» አልኩት። «ሌላ ስንት አውራ አለ። እሱን ተወው።»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «እንግዳው የመጣው ለሱ ነው። እኔ ባልመራው ቢሮው ሌላ ሰው ይሰጠዋል። ለኔም ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ሳሉን ስነፋ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ?» ጥሩምባውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለና፣ «ነገ እሁድ ነው፣ መጋዝ የለም። በሌላ በኩል ወንዙ ጋ እንሞክረዋለን። ንፋስ ካልዞረ እናገኘዋለን» አለ።

እንግዳው ከማማው ወርዶ ደረሰ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ትሁት ኦስትሪያዊ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ።

«ማንን ነው የጠራችው ይላል» አለ ዦምቦር።

«ባሏን ነው በለው።»

«ሞቷል ልበለው?»

«ምን አገባው? አትበለው።»

ዦምቦር ነገረው። ሰውዬው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ጫካው ዞረና ሰው እስኪወጣ መጠበቅ ጀመረ። እኔም አብሬው አየሁ። ሁለታችንም ትንሽ ቆየን።

ከዚያ ቀጥታ የሄድኩት ወደ ቆራጮቹ ጎጆ ነው። ሲላርድ እግሩን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ የኔ ሳህን ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ደስ አለዎት እትዬ? ፀጥታው ተስማማዎት?»

«ነገ ሥራ።»

«ምን?»

«ነገ ጀምር። አንድ መጋዝ ብቻ ይበቃኛል፣ እንጨቱን ተወው፣ ጉቶ ቁረጥበት። ብቻ ይጩህ። ለቢሮውም ክልሉ ተዘግቷል ብለህ አሳውቅ፣ እስከ ወንዙ ማዶ።»

«እሁድ እኮ ነው! ቄሱስ?»

«ቄሱን ለኔ ተወው። የኔን ኃጢአት ሁሉ ሰምቶ ጨርሷል፤ አዲስ ነገር ይናፍቀዋል።»

እግሩን ከውሃው አወጣ። «አቁም ሲሉኝ አቆምኩ። አሁን ደግሞ ሥራ ይሉኛል። ቆይ እስከ መቼ ነው?»

«ማግሳታቸው እስኪያበቃ። ወሩ ሲያልቅ እነሱም ይበቃቸዋል፣ አደኑም ወደ ሌላው ይዞራል። ከዚያ በኋላ በረዶው ይወስደው እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰው ግን አይወስደውም።»

ሲላርድ ሬዲዮውን ዘጋ። «እትዬ ኤቴልካ» አለ፣ «መጋዙ ከጮኸ እርስዎ እኮ አይሰሙትም። እሱ መስሎኝ ነበር የሚፈልጉት።»

«ነው» አልኩት። «አሁንም እሱን ነው የምፈልገው።» ሳህኔን አንስቼ ወጣሁ።

እሁድ ገና ቅዳሴ ሳይጀመር መጋዙ ተነሳ። መንደሩ ተንጫጫ፤ ሲላርድን ሰደቡት፣ እኔንም በስውር ሰደቡኝ፣ ቄሱም ስብከቱን በጩኸት ነው የጨረሰው። ዦምቦር በቤቴ ፊት በመኪና ሲያልፍ አንድ ጊዜ ጥሩምባውን በመስኮት አውጥቶ አሳየኝ፤ ይዛትብኝ ይሁን ሰላም ይበለኝ አላወቅኩም። እንግዳው ከሌላ ጫካ ሌላ አውራ መትቶ አገሩ ገባ አሉ።

ይኸው እስካሁን ይጮኻል። መስኮቴን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ድምፁ ሸክላውን እስኪያንቀጫቅጭ ይገባል፣ ይግባ። የሚከብደኝ ነዳጅ ሊሞሉ የሚያቆሙባት አፍታ ናት። ደኑ ድንገት ፀጥ ይላል። ጆሮዬ እንደ ውሻ ይቆማል፣ ልቤ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ አንዴ፣ አንዲት ሳል ብቻ ይላል። እኔም በመስኮቱ ደፍ ላይ እጄን ጨብጬ «ዝም በል፣ የኔ ጌታ፣ ዝም በልልኝ» እለዋለሁ ጎርናናውን፣ መጋዙ ዳግም እስኪነሳ ድረስ።